ኦቲፒ ምንድን ነው? ባሕር ዳር ላይ ሲሆኑስ ለምን ሳይደርስ ይቀራል?

ኦቲፒ ባንክ ወይም ካርድ ሰጪ ድርጅት የደንበኛውን ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠይቀው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግልና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ የሚያጣ የማረጋገጫ ኮድ ነው። ብዙውን ጊዜ ስድስት አሃዝ አለው። አንድ ሰው የክሬዲት ካርድ ሒሳቡን በኢንተርኔት ለመክፈት የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ፣ ወይም በካርዱ የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ክፍያው ከመጽደቁ በፊት ይህን ኮድ ይጠየቃል። ቴሌብርን ወይም የአገር ውስጥ ባንኮችን መተግበሪያ አዲስ ስልክ ላይ የጫነ ሁሉ ኮዱን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተቀብሎ ስለሚያውቅ፣ ክሬዲት ካርድ ለሌለው የባሕር ዳር ነዋሪም ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ኮዱ ያስፈለገው የይለፍ ቃል ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የይለፍ ቃል ባለቤቱ ሳያውቅ ሊቀዳ፣ ከአንድ ድረ ገጽ ተሰርቆ በሌላው ላይ ሊሞከር ይችላል፤ ሌባው በየትኛው አገር እንዳለም ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ባንኩ ደንበኛው ከሚያውቀው ነገር በተጨማሪ በእጁ የያዘውን ነገር ይጠይቃል፤ በእጅ የተያዘው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው። ደንበኛው ኮዱን ሲያስገባ ለባንኩ የሚያረጋግጠው ያ የተመዘገበ የስልክ መስመር በዚያች ደቂቃ በእጁ መሆኑን ብቻ ነው። ስለ ሌላ ምንም ነገር ምስክር አይሆንም። ይህን ነጥብ በደንብ የያዘ ሰው ኮዱ ሲጠፋ ችግሩን የት እንደሚፈልግ፣ ኮዱን ሲጠየቅም ለማን እንደማይሰጥ ራሱ መለየት ይችላል።

በባሕር ዳር ይህ ችግር ጎልቶ የሚታየው ከውጭ አገር በመጡ እንግዶች ላይ ነው። ለጥምቀት ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ከአሜሪካ የመጣ ሰው በጣና ዳር ሆቴል ወይም ሽምብጥ በሚገኝ የዘመድ ቤት ተቀምጦ፣ የወሩን የካርድ ዕዳ ለመክፈል ሒሳቡን ሊከፍት ይሞክራል እንበል። ገጹ «ወደ ተመዘገበው ስልክዎ ኮድ ልከናል» ይለዋል፤ ኮዱ ግን አይመጣም። ሰውየው የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ የሆቴሉን ዋይፋይ ይጠራጠራል። ችግሩ ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ኮዱ የተላከው ወደ አሜሪካው ቁጥር ሲሆን፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ቦሌ እንደደረሰ የገዛው የኢትዮጵያ ሲም ካርድ ነው።

የአሜሪካው ሲም ስልኩ ውስጥ ቢኖርም እንኳ መልእክቱ ረጅም መንገድ አለው። ከባንኩ ተነሥቶ ወደ ባለቤቱ የስልክ ድርጅት ይሄዳል፤ ያ ድርጅት ስልኩ አሁን በየትኛው አገር፣ በየትኛው ኔትወርክ ላይ እንዳለ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በሳፋሪኮም ኔትወርክ በኩል ወደ ስልኩ የሚደርሰው። ሮሚንግ፣ ማለትም መስመሩ ከአገር ውጭም እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት፣ ካልተከፈተ፣ የቅድመ ክፍያ መስመሩ ከተቃጠለ ወይም ስልኩ በአውሮፕላን ሞድ ላይ ከሆነ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ስልኩ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ በላኪው የስልክ ድርጅት ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ እስኪበራ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ስልኩን አጥፍቶ በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የሄደ ሰው ማታ ሲመለስ ጊዜያቸው ያለፈባቸው በርከት ያሉ ኮዶች በአንድ ጊዜ የሚደርሱት። በአብዛኛው አሠራር አዲስ ኮድ ሲጠየቅ የቀደመው ወዲያውኑ ስለሚሻር፣ «እንደገና ላክ» የሚለውን ደጋግሞ መጫን ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል፤ ስሕተቱ ሲበዛም ሒሳቡ ለጊዜው ይቆለፋል። አንዴ ጠይቆ ጥቂት ደቂቃ መታገሥና መጨረሻ የመጣውን ኮድ ብቻ ማስገባት ይሻላል።

ባንኩ የሚያየው ሌላም ነገር አለ። ሁልጊዜ ከቨርጂኒያ ይከፈት የነበረ ሒሳብ ድንገት ከኢትዮጵያ ሲከፈት እንደ ስጋት ተቆጥሮ ተጨማሪ ማረጋገጫ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቪፒኤን ከፍቶ አገሩን ለመሰወር መሞከር አንዳንዴ ጥርጣሬውን ስለሚያባብሰው እኔ አልመክረውም። ከዚያ ይልቅ በካርዱ ጀርባ ላይ ካሉት ቁጥሮች ከአገር ውጭ ላሉ ደንበኞች ወደተዘጋጀው መደወል ይገባል፤ ያለ ክፍያ የሚደወልበት የአገር ውስጥ ቁጥር ከባሕር ዳር ብዙ ጊዜ አይሠራም።

የተሻለው መላ ከጉዞ በፊት የሚዘጋጅ ነው። ብዙ ድርጅቶች ኮዱን በስልክ መልእክት ከመላክ ይልቅ ደንበኛው በራሱ ስልክ ላይ በኮድ አመንጪ መተግበሪያ እንዲያወጣው ይፈቅዳሉ። አሠራሩ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣ ሰነድ የተደነገገ ነው፦ መተግበሪያውና ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ይጋራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያንን ቁልፍ ከሰዓቱ ጋር አጣምረው በማስላት በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። በመካከላቸው የሚላክ ነገር ስለሌለ ሮሚንግም ሆነ ኔትወርክ አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ወቅት እንኳ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ኮድ ከማውጣት አልተቋረጠም፤ ሒሳቡን ለመክፈት ግን የግድ ዋይፋይ ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ፣ በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው የሚያደናግር ጉዳይ አለ። የመተግበሪያው ስሌት በሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ እናቶችና አባቶች፣ ስልካቸው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓትን «1:00» ብሎ እንዲያሳያቸው ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያስመልሱታል። በዚህ ጊዜ ስልኩ የሚያወጣው ኮድ ባንኩ ከሚጠብቀው ጋር ፈጽሞ አይገጥምም፤ መተግበሪያውም ሆነ ባንኩ ስሕተቱ ከሰዓቱ መሆኑን ላይናገሩ ይችላሉ። መፍትሔው ሰዓቱ ከኔትወርክ ራሱን እንዲያስተካክል መመለስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ማየት የሚፈልጉት ደግሞ የኢትዮጵያን ሰዓት ለብቻው የሚያሳይ መተግበሪያ መጫን ይችላሉ፤ እሱ የስልኩን ዋና ሰዓት አይነካም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የማይደርሰው ኮድ ሳይሆን፣ ደርሶ ለሌላ ሰው የሚነበበው ኮድ ነው። አጭበርባሪው የተጎጂውን የስልክ ቁጥርና ሌላ መረጃውን አስቀድሞ አግኝቶ ሒሳቡን ራሱ ለመክፈት ይሞክራል። ያኔ እውነተኛው ባንክ እውነተኛ ኮድ ወደ ተጎጂው ስልክ ይልካል። አጭበርባሪው በዚያው ቅጽበት ደውሎ «ከባንኩ ነው፤ ሒሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ተጎጂው መልእክቱ በእርግጥ ከባንኩ መምጣቱን ሲያይ ደዋዩንም ያምናል። መልእክቱ ግን ስለ ደዋዩ ማንነት ምንም አይመሰክርም። ራሱ ወደ ደንበኛው የሚደውል የባንክ ሠራተኛ ኮዱን ከደንበኛው አፍ መስማት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ደውሎ ኮድ የሚጠይቅ ሰው፣ ስምዎንና የሒሳብ ቁጥርዎን በትክክል ቢጠራም፣ ስልኩ ሊዘጋበት ይገባል።

በዚህ ረገድ በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ከውጭ የሚመጣው መልእክት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የሰፈር ልጅ ወይም የሞባይል ሱቅ ሠራተኛ እንዲያነብላቸው ይሰጣሉ፤ አንባቢውም ቁጥሩን ብቻ አውጥቶ ይነግራቸዋል። መልእክቱ ግን ብዙ ጊዜ ኮዱ ለምን እንደተላከ ይናገራል፦ ለመግቢያ ነው፣ ወይም ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህ ድርጅት ለመክፈል ነው ይላል። እርስዎ ያልጀመሩት ክፍያ ከተጠቀሰ ያ ኮድ ለማንም መነገር የለበትም፤ የይለፍ ቃሉም በዚያው ቀን መቀየር አለበት።

ኮዱ በስሕተት ለሌላ ከተሰጠ ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። መጀመሪያ ካርዱን በመተግበሪያው ወይም በስልክ ማሳገድ ይገባል። ቀጥሎም የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ከዚያ በሒሳቡ ላይ የተመዘገበው የስልክ ቁጥርና ኢሜይል የራስ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ አጭበርባሪ ገብቶ ከሆነ ቀጣዩ ኮድ ወደ እሱ እንዲሄድ ፈጥኖ የሚቀይረው ይህንኑ አድራሻ ነው።