የኤምአርአይ ውጤት ላይ «ታርሎቭ ሲስት» ሲጻፍ

ካንሰር አይደለም። ይሄ ይቅደም፤ «ሲስት» የሚል ወረቀት ይዞ ያልደነገጠ ጥቂት ነውና። ከወገብ በታች፣ በዳሌ መሃል ባለው አጥንት ውስጥ፣ የነርቭ ሥር ሽፋን ተነፍቶ የሚፈጥረው ከረጢት ነው። ውስጡ ያለው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ያው ንጹህ ፈሳሽ ነው። ስሙን ያገኘው በ1938 (እ.ኤ.አ.) ከገለጸው ሐኪም፣ ከኢሳዶር ታርሎቭ ነው።

ብዙ ጊዜ ለሌላ ነገር ሲመረመሩ በአጋጣሚ ይገኛል። ካላመመ አይነካም።

«ካመመ ታዲያ ለምን ቆርጠው አያወጡትም?» ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። የነርቭ ክሮቹ በራሱ በከረጢቱ ግድግዳ ወይም በውስጡ ያልፋሉ። ከረጢቱን ቆርጦ መጣል ነርቩንም መቁረጥ ይሆናል። በመርፌ መምጠጥም አለ፤ ግን ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን ከጀርባ በኩል ይከፍታል። ከረጢቱን ያስተነፍሳል፣ ያሳንሰዋል፣ ፈሳሹ የሚገባበትንም ቀዳዳ ለምሳሌ በስብ ወይም በጡንቻ ቁራጭ ይደፍናል። ክሮቹን ሳይጎዳ! ከዚያም በኋላ ፈሳሽ ሊያፈስ፣ ሕመሙም ላይለቅ ይችላል። እኔ ብሆን ሕመሙ በእርግጥ ከሲስቱ መምጣቱ ሳይጣራ ቢላ ሥር አልተኛም፤ የዲስክ መንሸራተትም ተመሳሳይ ሕመም አለው።

ሽንት እምቢ ካለ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።