የሊነር ማውጫ ምንድን ነው?

የአሮጌ ትራክተር ሞተር ተፈቷል እንበል። ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ወርዷል፣ የዘይት ቋቱ ተነስቷል፣ ፒስቶኖቹ ከነቢዬላቸው፣ ማለትም ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚያያይዟቸው ዘንጎች ጋር፣ ወጥተዋል። ጣታችሁን ወደ ሲሊንደሩ አስገብታችሁ ወደ ታች ስታንሸራትቱ፣ ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ይገኛል። ከደረጃው በላይ ፋሻዎቹ፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበቶች፣ ስለማይደርሱ ግድግዳው እንደ ድሮው ነው። ከሱ በታች ያለው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲፋቅ ኖሯል። ይህ ግድግዳ በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ የብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ብረት፣ አካል አይደለም። ለብቻው ተሠርቶ የገባ ቱቦ ነው። ሊነር ይባላል፤ ስሊቭ የሚሉትም አሉ።

ሊነር ሲበላ ብሎኩ አይጣልም። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ሥራው ላይ ግን 60 እና 70 ዓመት አንድ ቦታ የተቀመጠ ቱቦ እንዲህ በዋዛ አይነቃነቅም።

የሊነር ማውጫ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከሊነሩ ታችኛ ጠርዝ ሥር የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን አለው። ከሳህኑ መሃል ጥርስ የወጣለት ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይ ያልፋል። በብሎኩ ፊት ላይ ሁለት እግር ያለው ድልድይ ይቆማል። ዘንጉ በድልድዩ ቀዳዳ ያልፍና ከላይ ዳዶ ይገባለታል። ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሳህኑ ሊነሩን ከሥሩ ያነሳዋል። ሊነሩም በድልድዩ እግሮች መካከል ብቅ ይላል።

ለምን ከታች? ብዙ ሊነር ከላይ ከንፈር አለው። ያንን ከንፈር ይዞ መጎተት አይቀልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሊነሩ ብዙውን ጊዜ ካስት አይረን ነው፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ካስት አይረን ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። ሲጫኑት የሚችለው ሲጎትቱት ከሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ከንፈሩን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ከንፈሩ ተሰብሮ ይመጣል፣ ቱቦው እዚያው ይቀራል። ከታች ስትገፉት ግን መላ ቱቦው እየተጫነ ነው የሚወጣው፤ ብረቱ የሚወደውም ይህንኑ ነው።

ሊነር ሁለት ዓይነት ነው፣ እርጥብና ደረቅ። እርጥቡን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በቀጥታ ከውጭ ይነካዋል። ብሎኩን የሚነካው ከላይና ከታች ብቻ ነው፣ ውሃው እንዳያልፍም በኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ወይም በጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይታሸጋል። ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ፈርጉሰን ቲኢ20 ላይ የገባው የስታንዳርድ ሞተር እንዲህ ያለ ነው። የዚሁ ሞተር ዘመድ ትራያምፍ ቲአር2 የሚባለው የስፖርት መኪና ውስጥም ገብቷል። ደረቁ ሊነር ደግሞ ውሃ አያገኘውም። ስስ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በብሎኩ ግድግዳ ተጣብቆ ይቀመጣል። ማሲ ፈርጉሰን 35 ላይ የምናውቀው ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ደረቅ ሊነር ነው ያለው።

ልዩነቱ ለመሣሪያው ትልቅ ትርጉም አለው። እርጥቡን የሚይዘው ዝገትና የውሃ ዝቃጭ ነው። አንዴ ከተላቀቀና ጥቂት ሴንቲሜትር ከተነሳ ቀሪው በእጅ ይወጣል። ስለዚህ የድልድዩ እግር አጭር ቢሆንም ይሠራል። ደረቁ ግን እስከ መጨረሻዋ ሚሊሜትር ድረስ ይታገላል። ወይ የድልድዩ እግር የሊነሩን ያህል መርዘም አለበት፣ ወይ ሊነሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከእግሩ ሥር እኩል የተቆረጡ የብረት ድጋፎች እየተጨመሩ መሄድ አለባቸው።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። ለኔ መሣሪያው ማለት ሳህኑ ነው። ሌላው ከየትም ተለቃቅሞ ይሠራል።

ሳህኑ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ ሲወጣ ሁለት ደረጃ ይደረግለታል። የላይኛው ደረጃ ትንሽ ነው፤ ወደ ሊነሩ ውስጥ ገብቶ ሳህኑን መሃል ላይ ያቆመዋል። የታችኛው ሰፋ ይላል፤ የሊነሩን ጠርዝ የሚገፋው እሱ ነው። ሰፊው ደረጃ ከሊነሩ የውስጥ ስፋት መብለጥ፣ ከውጭ ስፋቱ ደግሞ ማነስ አለበት። ከውጭ ስፋቱ ካለፈ ብሎኩን ይነክሳል። ከውስጥ ስፋቱ ብዙም ካልበለጠ ደግሞ ጠርዙን ያሸርፈዋል፣ ወይ ያመልጣል። በምሳሌ ላስረዳ። የሊነሩ ውስጥ 85 ሚሊሜትር፣ ታች ላይ የውጭ ስፋቱ 93 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ትንሹን ደረጃ 84.5፣ ትልቁን 91 አደርገዋለሁ። መለካት ያለበት ግን ታችኛው ጠርዝ ራሱ ነው። ከላይ ያለውን ለክቶ ታችም እንደዚያው ነው ብሎ መገመት ያሳስታል።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ሳህን ደረጃ አልነበረውም። ከወዳደቀ ብረት የተቆረጠ ጠፍጣፋ ክብ ነበር፣ መሃሉ ተበስቶ። ዳዶውን ሳጠብቅ ሳህኑ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ሸሸ። ቁልፉ ሲከብደኝ ሊነሩ ያዘ ብዬ ጨመርኩበት። ለካ የሳህኑ ጠርዝ ብሎኩን ነክሶ ኖሯል። ኦሪንጉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቀረ። ያንን ጭረት በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ሳለሰልስ ቀኑ መሸ። ሳህኑ ላይ ደረጃ ለማውጣት ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚፈጀው።

ስስ ሊነር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። የፎርድ 9ኤን እና 8ኤን ትራክተሮች ሲሊንደር 3.1875 ኢንች ነው፣ 81 ሚሊሜትር ሊሆን ምንም አይቀረው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግድግዳው 0.040 ኢንች ብቻ የሆነ የስቲል ሊነር አለ። ወፍራሙ የካስት አይረን ሊነር ደግሞ 0.090 ኢንች ነው። 0.040 ማለት 1 ሚሊሜትር ግድም ነው። ሳህኑ የሚገፋበት ጠርዝ በሙሉ ይህችው 1 ሚሊሜትር ናት። እዚህ ላይ ሩብ ሚሊሜትር ስህተት እንኳ ብዙ ነው። ስለዚህ ስሱን በማውጫ የማይታገሉትም አሉ። ጠርዙን በጥንቃቄ ወደ ውስጥ አጥፈው ቱቦውን አኮማትረው ያወጡታል። ሌሎች በሊነሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የብየዳ መስመር ያሰምሩበታል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሊነሩንም አብሮ ይስበዋል፣ ቱቦው ከብሎኩ ይላቀቃል። ደረቅ ሊነር ላይ ሲሠራ አይቼ ወድጄዋለሁ።

ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ከታች ያለው ዘንግ፣ ካልወረደ ሳህኑን ከታች ማስገባት አይመችም። ለዚህም መላ አለው። የክቡ ሁለት ጎን ትይዩ ሆኖ ይቆረጣል። ሳህኑ በጎኑ ቆሞ በሲሊንደሩ ውስጥ ይወርድና ከሊነሩ ሥር ሲደርስ ይተኛል። የዘንጉ ቀዳዳ ትንሽ ላላ ማለት ይኖርበታል፣ አለዚያ አይተኛም። በዚህ አሠራር ሳህኑ ሊነሩን የሚይዘው በሁለት ጎን ብቻ ነው። ቦታው ካለ ሙሉ ክቡን እመርጣለሁ።

ዘንጉ ላይ አትሰስቱ። ኤም20፣ ማለትም 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ፣ በተለመደው ጥርሱ አንድ ዙር ሲዞር 2.5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ግማሽ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል ብንጫን 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሰበቃው አብዛኛውን ጉልበት በልቶብንም ከ25,000 ኒውተን የማይርቅ የመሳብ ኃይል እናገኛለን። 2.5 ቶን ማንጠልጠል ማለት ነው። ጥርሱ ግሪስ ይቀባ። ከዳዶው ሥር ደግሞ ወፍራም ሮንዴላ፣ ከተገኘም ጫና የሚችል ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይግባ። ያኔ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ዘንጉም ከዳዶው ጋር አብሮ አይዞርም። መሃሉ ክፍት የሆነ የሃይድሮሊክ ክሪክ ያለው ሰው በዳዶው ፋንታ እሱን ይጠቀማል፤ በጣም ይመቻል።

የድልድዩ እግሮች የሚቆሙት ብሎኩ ላይ እንጂ ሊነሩ ከንፈር ላይ አይደለም። ሊነሩ ከንፈር ላይ ከቆሙ በአንድ በኩል እየገፉ በሌላ በኩል መጫን ይሆናል። ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ መዳብ ወይም አልሙኒየም ማድረግ የብሎኩን ፊት ከጭረት ያድነዋል።

ከመሳቡ በፊት ውሃው ከብሎኩ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ። እርጥብ ሊነር ሲነሳ የቀረው ውሃና ዝቃጭ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ክራንክሻፍቱ እዚያ ካለ በጨርቅ ይሸፈን። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በሊነሩ ዙሪያ ፈሶ ቢያድር ጥሩ ነው። ከዚያ ዳዶውን እስኪጠብቅ አጥብቆ መተው። አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ሩብ ዙር መጨመር። ሲላቀቅ በጆሮ ይታወቃል። ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል፣ ቁልፉ በድንገት ይቀላል፣ ከከንፈሩ ሥር ቀጭን ቡናማ የዝገት መስመር ብቅ ይላል። ያንን መስመር ሳይ እስካሁን ደስ ይለኛል። ድምፅ ሳይኖር ቁልፉ ከቀለለ ግን መቆም ነው። ወይ ጥርሱ እየተላጠ ነው፣ ወይ ሳህኑ እያመለጠ ነው።

ያለ ማውጫ ከታች በእንጨት እየመቱ ማውጣትም ይቻላል። እርጥቡ ላይ በጠንካራ እንጨት ዙሪያውን እየተዘዋወሩ ቢመቱት አንዳንዴ ይወጣል። አንድ ጎን ብቻ ከተመታ ግን ይጋደማል። የተጋደመ ሊነር ደግሞ እንደ ሽብልቅ ይነክሳል።

ያው መሣሪያ ተገልብጦ ደረቅ ሊነር ለማስገባትም ያገለግላል። ሳህኑ ከላይ አዲሱ ሊነር ላይ ይሆናል፣ ድልድዩ ከብሎኩ ሥር። ከዚያ በፊት የሊነሩ ቤት ከዝገት መጽዳት፣ ከንፈሩ የሚቀመጥበት ደረጃም በደንብ መፋቅ አለበት። እዚያ የቀረች ትንሽ ቅርፊት ሊነሩን ከብሎኩ ፊት ከሚገባው በላይ ታነሳዋለች፣ ቴስታታው ሲጠብቅም ከንፈሩ ይሰነጠቃል። ሲገባ ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ መጀመሩ ይታይ። ዳዶው መሃል መንገድ ላይ ድንገት ከከበደ ሊነሩን መልሶ አውጥቶ ቤቱን እንደገና መለካት ነው።