ስብስብ ምንድን ነው? ክለቡ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ የሌለው ተጫዋች ነገር

ሐሙስ ማታ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ቼልሲ በኮንፈረንስ ሊግ (በአውሮፓ ክለቦች ውድድር ሦስተኛው እርከን) ከአርሜኒያው ኖህ ጋር ይጫወታል። ጊዜው ኖቬምበር 2024 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ኳሱ የሚቆጠረው በነሱ ነውና።)

አንድ ልጅ ዘግይቶ ገባ። ወንበር ሳይፈልግ መጀመሪያ ስክሪኑን አየ። «ፓልመር የታለ?» አለ።

«ተጎድቶ ነው» አለው አንዱ። «አሳርፈውት ነው» አለ ሌላው። «ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቷል» ያለም አልጠፋም። በዚህ መሀል ጎል ይዘንባል። ዕረፍት ሲወጡ 6 ለ 0 ነበር፣ ጨዋታው ያለቀው 8 ለ 0 ነው። ልጁ ግን ጎሉም አላስደሰተውም። ፓልመር ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ የለማ!

የቼልሲው ኮከብ ኮል ፓልመር አልተጎዳም፣ ከማንም አልተጣላም። ለውድድሩ ስሙ አልተመዘገበም። «አሳርፈውት ነው» ያለው ሰውዬ ትንሽ ተጠግቷል፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ልጁን በዕረፍት ሰዓት ላስረዳው ሞክሬ ነበር። አስራ አምስት ደቂቃ አልበቃኝም።

ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። «ስብስብ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን። ጋዜጠኛው «ማንችስተር ሲቲ ጥልቅ ስብስብ አለው» ሲል ክለቡ ደመወዝ የሚከፍላቸውን ተጫዋቾች ሁሉ ማለቱ ነው። ያው ጋዜጠኛ በነጋታው «አሰልጣኙ ለቻምፒየንስ ሊግ ስብስቡን አሳወቀ» ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ለውድድሩ አዘጋጅ የተላከውን፣ ቁጥሩ የተገደበውንና መዝጊያ ቀን ያለውን የስም ዝርዝር። የመጀመሪያውን ገንዘብ ያሰፋዋል። ሁለተኛውን ገንዘብ አያሰፋውም። የሙሽራው ዘመድ መሆን ሌላ፣ ሚዜ መሆን ሌላ። ዘመድ ሁሉ ሚዜ አይሆንም፣ ሱፉ ለተለካለት ብቻ ነው።

ክረምት ላይ የሰፈር ዋንጫ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከውድድሩ በፊት የቡድኑ ስም ዝርዝር በደብተር ወረቀት ተጽፎ፣ ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበት ለአዘጋጆቹ ይሰጣል። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ቡድኑ ይፈራል። ከታቦር ተራራ ሥር አንድ ፈጣን ልጅ ይዋሳል፣ በሌላ ሰው ስም ይገባል። ሁለት ጎል ያገባል። ተጋጣሚው ግን ልጁን ያውቀዋል፤ አብሮት ተምሯል። «ክስ አስይዘናል!» ይላል። ወረቀቱ ይወጣል፣ ፎቶው ይታያል፣ ጨዋታው በፎርፌ ይሄዳል። አውሮፓ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ወረቀቱ ብቻ ነው ያማረው።

አሁን ወደ ደንቡ። በአውሮፓ የክለብ ውድድሮች አንድ ክለብ በዋናው ዝርዝር ቢበዛ 25 ተጫዋች ያስመዘግባል። ዝርዝር «ሀ» ይባላል። ከ25ቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ በረኞች መሆን አለባቸው። ስምንቱ ቦታ ደግሞ «እዚያው ላደጉ» የተያዘ ነው። እዚያው ማደግ ማለት ከ15 እስከ 21 ባለው ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የውድድር ዘመን በዚያ ክለብ፣ ወይም በዚያው አገር ሌላ ክለብ ውስጥ መመዝገብ ነው። ከስምንቱ በሌላ ክለብ ያደጉት ከአራት መብለጥ አይችሉም።

ብዙ ሰው ይህን ከዜግነት ጋር ያምታታዋል። ፓስፖርት እዚህ አይጠየቅም። ሴስክ ፋብሬጋስ ስፔናዊ ነው፤ ግን በ16 ዓመቱ አርሰናል ስለገባ በኋላ ለቼልሲ ሲፈርም እንግሊዝ ውስጥ ያደገ ተብሎ ተቆጠረ። ኤሪክ ዳየር ደግሞ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ እንግሊዛዊ ነው። ያደገው ግን ፖርቹጋል፣ ስፖርቲንግ ሊዝበን ስለሆነ ቶተንሃም እንደ አገር ልጅ ሊቆጥረው አልቻለም።

ስምንቱን ማሟላት ያልቻለ ክለብ ቦታውን ሌላ አገር ባደገ ልጅ አይሞላውም። ያደጉለት ስድስት ብቻ ከሆኑ ዝርዝሩ 23 ላይ ይቆማል። እንግዲህ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ክለብ ሁለት ወንበር ባዶ ትቶ የሚጓዝበት ምክንያት ይህ ነው። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ገንዘብ ብቻውን የማይከፍተው አንድ በር ይኑር።

ሁለተኛ ዝርዝር አለ፣ «ለ» የሚባል። ይህ የወጣቶች ነው። ዕድሜው 21 ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ከ15ኛ ዓመቱ በኋላ ሳያቋርጥ ሁለት ዓመት ክለቡ ውስጥ የቆየ ልጅ እዚህ ይገባል። ቁጥሩ አይገደብም፣ እስከ ጨዋታው ዋዜማም ማስገባት ይቻላል። በ80ኛው ደቂቃ ማሊያው ላይ 60 ምናምን ቁጥር የለጠፈ ልጅ ሲገባ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» የምንለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ዝርዝር ነው።

ዋናው ዝርዝር ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ይዘጋል። የመጀመሪያው ዙር (ድሮ ምድብ የነበረው) ጨዋታ ሲያልቅ፣ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ እንደገና ይከፈታል። ግን በጠባቡ ነው፤ አዲስ የሚገባው ሦስት ሰው ብቻ ነው። የዲኤስቲቪ ቤት ጭቅጭቅ ግማሹ የሚወለደው ከዚች «ሦስት» ነው። በጃንዋሪ 2023 ቼልሲ ተጫዋች እንደ ሽንኩርት በኪሎ ገዛ። ለቻምፒየንስ ሊጉ ያስመዘገበው ግን ኤንዞ ፈርናንዴዝን፣ ሙድሪክንና ጆአዎ ፌሊክስን ብቻ ነው። ባዲያሺልና ማዱዌኬ ውጭ ቀሩ። ኦባሜያንግ ደግሞ ከነበረበት ዝርዝር ተነስቶ ቦታውን ለቀቀ። ከዚያ በፊት በ2022 ባርሴሎና ለዩሮፓ ሊግ ፌራን ቶሬስን፣ አዳማ ትራኦሬንና ያንኑ ኦባሜያንግን አስመዝግቦ ዳኒ አልቬስን ተወው። ያን ያህል ዋንጫ የሰበሰበ ሰው! (በዚያ ሰሞን እኛ ሀዋሳዎች «ለአዳማ ሲባል አልቬስ ቀረ» እያልን ከአዳማ የመጡ ጓደኞቻችንን እናበሽቅ ነበር።)

ፓልመርስ? አሰልጣኙ ኤንዞ ማሬስካ የ2024ን መኸር ሲያቅድ ሰፊ ቡድን ነበረው። ኮንፈረንስ ሊግ ላይ የሚገጥሙት ክለቦችም ያን ያህል አያስፈሩም። ስለዚህ ፓልመር ጉልበቱን ለእንግሊዙ ሊግ እንዲቆጥብ ከዝርዝሩ አስወጣው። ዌስሊ ፎፋናና ላቪያም አብረው ቀሩ። ማሳረፍ ነው እንግዲህ፤ ግን ለአንድ ጨዋታ ሳይሆን ለወራት፣ በወረቀት። ፌብሩዋሪ ላይ ዝርዝሩ ሲከፈት ፓልመር ገባ። በሜይ 2025 ፖላንድ፣ ቭሮትስዋፍ በተደረገው ፍጻሜ ቼልሲ ሪያል ቤቲስን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ሁለቱን ጎል አመቻችቶ ያቀበለው እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል። እስኪበላሽ ድረስ። ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የፖላንዱ ሌጊያ ዋርሶ ደጋፊ ይንገራችሁ።

ክረምት 2014፣ የቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ። ሌጊያ ሜዳው ላይ ሴልቲክን 4 ለ 1 አሸነፈ። ለመልሱ ስኮትላንድ ሄዶ እዚያም 2 ለ 0 ደገመው። ድምር 6 ለ 1፣ ያለቀለት ጨዋታ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቤሬሺንስኪ የሚባል ተከላካይ ቀይረው አስገቡ። ልጁ ካለፈው ዓመት የሦስት ጨዋታ ቅጣት ነበረበት። ክለቡ ቆጠረ፤ ከአየርላንዱ ሴንት ፓትሪክስ ጋር ሁለት ጨዋታ አልተሰለፈም፣ ከሴልቲክ ጋር በመጀመሪያው አልተሰለፈም። ሦስት ሞላ። ሂሳቡ ልክ ነው።

ልክ አልነበረም። ለሴንት ፓትሪክስ ጨዋታዎች ሌጊያ የልጁን ስም ጭራሽ አላስመዘገበውም። ምን ያደርጋል፣ ተቀጥቷል ብለው። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ ቅጣት ሊጨርስ አይችልም። መጀመሪያ መጫወት የሚችል ሰው መሆን አለብህ፣ ከዚያ ነው «አልተጫወትክም» የሚባለው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሁለተኛውን ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ለሴልቲክ ሰጠ። ድምር 4 ለ 4 ሆነ። ያኔ ድምሩ እኩል ሲሆን በሰው ሜዳ የገባ ጎል ይበልጥ ስለነበር ሴልቲክ ዋርሶ ላይ ባገባት አንዲት ጎል አለፈ። እርግጥ አልተጠቀመበትም፣ በቀጣዩ ዙር በማሪቦር ወደቀ።

ይህን ስናነብ የኛም ቁስል ይነካል። ነገሩ የክለብ ሳይሆን የብሔራዊ ቡድን ነው፣ ግን ሕመሙ አንድ ነው። በ2013 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈው መጡ። ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበርና ፊፋ ውጤቱን ገልብጦ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ሦስት ነጥብ ሄደ። ደግነቱ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን መሪ ሆነን ጨረስን። ያኔ ሰው ሁሉ ተጫዋቹ ላይ ነበር የሚጮኸው። እኔ እስካሁን አይገባኝም። ቢጫ መቁጠር የተጫዋች ሥራ ነው እንዴ?

በ2025 አሜሪካ ላይ የተደረገው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ለስብስብ ነገር ሌላ ዓይነት ራስ ምታት ይዞ መጣ። በድሮው ውድድር ሰባት ክለብ ነበር፣ ለእያንዳንዱ 23 ተጫዋች። አሁን 32 ክለብ ሆነ፣ ዝርዝሩም ከ26 እስከ 35፣ ከነሱም ቢያንስ ሦስት በረኛ። ራስ ምታቱ ግን ቁጥሩ አይደለም። ውድድሩ ከጁን 14 እስከ ጁላይ 13 ነው። የአውሮፓ ተጫዋቾች ውል ደግሞ በብዛት የሚያልቀው ጁን 30 ነው። በጨዋታው መሀል! ቤት ኪራይ ጨርሰህ ግማሽ እራት ላይ «ውጣ» እንደመባል ነው።

ፊፋ ለዚህ ብሎ በውድድሩ መሀል አጭር የምዝገባ ጊዜ ከፈተ። ውጤቱ ድራማ ነበር። የባየርኑ ሌሮይ ሳኔ ጁን 29 ላይ ፍላሜንጎን በጣሉበት ምሽት ነበረ፤ ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ ወደ ጋላታሳራይ ሄዶ ነበር። በተቃራኒው ጆአዎ ፔድሮ ዕረፍት ላይ ሳለ ቼልሲ ገዛው። ውድድሩ ሊገባደድ ሲል ተመዘገበና በግማሽ ፍጻሜው ባሳደገው ክለብ በፍሉሚኔንሴ ላይ ሁለቱንም ጎል አገባ፣ ደስታውንም ሳይገልጽ ቀረ። በፍጻሜው ፒኤስጂ 3 ለ 0 ሲሸነፍ አንዷ የሱ ናት። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኤስቴቫዎ ነው። ቼልሲ ገና ድሮ ገዝቶታል። ያኔ ግን በብራዚሉ ፓልሜራስ ዝርዝር ላይ ነበረና ሩብ ፍጻሜው ላይ ገዢው ክለብ ላይ አገባበት። ቼልሲ 2 ለ 1 አሸነፈ እንጂ የራሱ ንብረት ሊያወጣው ነበር።

የኒውዚላንዱን ኦክላንድ ሲቲንም አልዘለውም። ተጫዋቾቹ በሥራ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ከአለቃ ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። በባየርን 10 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ ቦካ ጁኒየርስን 1 ለ 1 ያዙት። ጎሏን ያገባው ተከላካይ ክርስቲያን ግሬይ መምህርነት እየተማረ ነበር።

የፓልመር ጭቅጭቅ በተነሳበት በዚያው ወር ሌላ ውድድርም ነበረ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ወክለው ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተሰልፈዋል። ያው ልጅ ስልኩን እያየ «ሎዛስ የታለች?» አለኝ። ሎዛ አበራ ለኛ ከሌላው ሰው ትቀርባለች፤ በሀዋሳ ከተማ ማሊያ ነው የጀመረችው። በደደቢትና በአዳማ ከተማ አልፋ፣ ማልታ ደርሳ ተመልሳ፣ ለንግድ ባንክ ጎል ስታዘንብ ኖራለች።

«እሷንም አሳረፏት?» አለ።

አይ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። ፓልመር የቼልሲ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሎዛ ግን በዚያ ክረምት ወደ አሜሪካው ዲሲ ፓወር ተዛውራለች። የንግድ ባንክ ዝርዝር ላይ ልትጻፍም አትችልም።