በወሎ ገበያዎች የጋማ ከብት ሽያጭ፦ የጤናና የአያያዝ ደንቦች

በወሎ ደጋ፣ በተለይም በደላንታ፣ በዋድላ፣ በመቄትና በለጋምቦ፣ ፈረስና በቅሎ መኪና በማይደርስበት መንገድ ሰውና እህል ስለሚያመላልሱ፣ በከብት ተራው የጋማ ከብት ገዢ አይጠፋም። ሽያጩ የሚፈጸመው በጨረታ ሳይሆን በደላላ አማካይነት በክርክር ሲሆን፣ ከብቱ የተሰረቀ እንዳይሆን ገዢው ከሻጩ ዋስ ይጠይቃል።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 ተላላፊ በሽታን ማሳወቅንና የእንስሳትን ዝውውር መቆጣጠርን የሚመለከት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ገዢውም የተረከበውን ሳይዘገይ እንዲመረምር ይጠበቅበታል።

ልምድ ያለው ገዢ አስቀድሞ ጥርስ ያያል። ፈረስ ቋሚ የፊት ጥርሶቹን የሚያሟላው አምስት ዓመት ግድም ስለሆነ እስከዚያ ዕድሜው በቀላሉ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግምቱ በጥርሱ መበላት ላይ ያርፋል። ቀጥሎ ኮርቻና ግላሱን አስወርዶ ከትከሻው እስከ ወገቡ በእጁ ይዳብሳል፤ ቆዳው ሲሞቅ ወይም ከብቱ ሲሸሽ፣ ያልታየ ገጣባ አለ ማለት ነው። በመጨረሻም በደረቅ መሬት ላይ ሶምሶማ አስኬዶ ማንከሱን ያጣራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለዋጋ ሲባል ነው፤ ሆኖም የቆሰለ ከብት እንዳይጫን የሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ፍተሻ ስለሌለ፣ ኮርቻ ሳይወርድ ሽያጭ እንዳይፈጸም የገበያው ደንብ ሊሆን ይገባዋል።

ከበሽታዎቹ ሁሉ ፈጥኖ የሚገድለው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። ቫይረሱን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች በመሆናቸው ክረምቱ ሲያልፍ ስጋቱ ይበረታል። ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ማበጥና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ ፈረስ ከበቅሎ፣ በቅሎም ከአህያ ይበልጥ ይጎዳል። ሕመሙ ከመታየቱ በፊት ቀናት ስለሚያልፉ፣ ገበያ ላይ ጤነኛ የመሰለ ፈረስ ወደ ቤት ሲገባ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለይቶ መጠበቅ፣ ዝንቦቹ በሚበዙበት ከምሽት እስከ ንጋትም በጋጣ ማደር ይኖርበታል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ለምርመራ የሚላክ ናሙና ደግሞ ኮምቦልቻ ባለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊታይ ይችላል።

በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበረታው ሌላው በሽታ በፈንገስ የሚመጣና በቆዳ ሥር ተከታትሎ እየፈነዳ መግል የሚያወጣ እባጭ ነው። ፈንገሱ በቁስል በኩል ስለሚገባና በዕቃ ላይም ስለሚቆይ፣ ፈረስን ከነጋሪ ዕቃው የሚገዛ ሰው ማሰሪያውንና መደላድሉን ሳያጸዳ በሌላ ፈረስ ላይ መጫን የለበትም፤ እባጭ ያለበትን ፈረስ ደግሞ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ወደ መንጋው ማስገባት አይገባም።