ካማምቤር፦ ስሟ ከእጇ ያመለጠ የኖርማንዲ መንደር

ካማምቤር በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ኦርን በሚባለው አውራጃ ያለች የገበሬ መንደር ናት። በስሟ በሚጠራው አይብ ምክንያት ስሟን የማያውቅ ትልቅ ሱፐርማርኬት የለም። ነዋሪዎቿ ግን 200 ገደማ ብቻ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የአይብ ሙዚየምና ጥቂት ቤቶች አሏት፤ በቃ። ገበሬው በየኮረብታው ተበታትኖ ነው የሚኖረው።

አካባቢው ፔይ ዶዥ ይባላል። ዝናብ ስለማያጣው ሣሩ ለምለም ነው። ግጦሹ በቁጥቋጦ አጥር የተከፋፈለ ነው፤ ከፖሙ ደግሞ ሲድርና ካልቫዶስ የሚባሉ የአልኮል መጠጦች ይሠራሉ። ላሞቹ ኖርማንድ የሚባሉ ዥጉርጉሮች ናቸው። ወተታቸው ቅባትና ፕሮቲን ስለሚበዛው ለአይብ ይመረጣል።

አይቡ የእኛን ዓይነት አይደለም። ነጭ ሻጋታ የለበሰ፣ ውስጡ ለስላሳ ፎርማጆ ነው። ማን ፈለሰፈው ሲባል ሁሉም ማሪ አሬል የምትባል ገበሬ ይጠራል። በ1791 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ለአዲሱ መንግሥት ቃለ መሐላ አልፈጽምም ያለ ቄስ ቦሞንሴል በተባለው እርሻ ተደብቆ ሳለ ዘዴውን አሳያት ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ችግሩ፣ ጸሐፊው ቶማ ኮርኔይ በ1708 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የካማምቤር አይብ በአቅራቢያው ባለችው ከተማ፣ በቪሙቲዬ ገበያ እንደሚቀርብ ጽፏል። ማሪ ገና አልተወለደችም ነበር። ሙያውን በማስፋፋት ግን የእሷና የልጆቿ ድርሻ ትልቅ ነው። ቪሙቲዬ ለማሪ ሐውልት አቁማላታለች። በሰኔ 1944 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ሐውልቱም ተጎዳ። ሌላውን ያሠሩት የኦሃዮ አይብ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም አሜሪካውያን!

አይቡን ፓሪስ ያደረሰው ባቡር ነው። በ1890 አካባቢ የመጣው ክብ የእንጨት ሣጥን ደግሞ ራቅ ወዳሉ አገሮች እንዲጓዝ አስቻለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሩ ስንቅ ሆኖ ሲታደል መላው ፈረንሳይ ለመደው። ያኔ ሁሉም ይሠራው ጀመር። የኖርማንዲ አይብ ሠሪዎች ስሙን ለማስከበር ፍርድ ቤት ቢሄዱም በ1926 ተሸነፉ፤ ስሙ የማንም ሊሆን አይችልም ተባለ። ስለዚህ ዛሬ ማንም ፋብሪካ፣ የትም አገር፣ «ካማምቤር» ብሎ መሸጥ ይችላል። ለመንደሯ ይሄ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በ1983 ሕጋዊ ጥበቃ ያገኘው «ካማምቤር ደ ኖርማንዲ» የሚለው ሙሉ ስም ብቻ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ወተቱ ያልተፈላ፣ ቢያንስ ግማሹም ከኖርማንድ ላሞች የታለበ መሆን አለበት። ላሞቹ በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር ግጦሽ ላይ ይውላሉ። የረጋው ወተት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ የሚገባው በጭልፋ፣ ቢያንስ በአምስት ዙር ነው። ከዚያ ለሽያጭ ሳይወጣ ቢያንስ 21 ቀን ይቆያል። አንዱን ለመሥራት ከሁለት ሊትር በላይ ወተት ይፈጃል። ስትገዙ ሣጥኑ ላይ «ደ ኖርማንዲ» የምትለዋን ፈልጉ። ከ2021 በፊት በሌሎች ሣጥኖች ላይ ይጻፍ የነበረው «ኖርማንዲ ውስጥ የተሠራ» ግን ይህን ደንብ የማይጠይቅ፣ ሌላ ነገር ነበር።