ጨብጥ ከፀሐይ አይመጣም

ባሕር ዳር ላይ በነርስነት ስሠራ ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ የምሰማው ንግግር አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ፀሐይ ላይ ሸንቼ ነው የያዘኝ።» አንዳንዱ የጋለ ድንጋይን፣ አንዳንዱ ጨረቃን ይወነጅላል። ጨብጥን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ አልበርት ናይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለይቶ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ፀሐይና ሙቀት ይገድሉታል እንጂ አይወልዱትም። በሙቀት ቀን ውኃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ወፍሮ ሊያቃጥለው ይችላል፤ መግል ግን አያወጣም።

በዚህ እምነት የምቆጣው ሚስቶችን ስለሚጎዳ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት መግል ያየው ማክሰኞ ነበር፤ ጎንደር አድሮ የተመለሰው ደግሞ ቅዳሜ። በወንድ ላይ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታያል። ቀኑን ቆጥሬ ስነግረው አንገቱን ደፋ። ሚስትህስ ብለው «የፀሐይ በሽታ እሷን ምን አገባት?» አለኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ስትመጣም «ምንም አላመመኝም» አለች፤ እውነቷን ነው፤ ብዙ ሴቶች ምልክት አያዩም። ሳይታከም ሲቆይ ግን የማህፀን ቱቦን ጎድቶ ሊያመክን ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ዓይን ተላልፎም ሊያሳውር ይችላል።

ወጣቱ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ጓደኛው የነገረውን ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ውጦ ነበር። ማቃጠሉ ቀለል ሲልለት የዳነ መስሎት ተወው። ጨብጥ እነዚህን የቆዩ መድኃኒቶች ከተላመደ ሰንብቷል! ዛሬ የሚታከመው በመርፌ ነው፤ ብዙ ጊዜ አብሮት ለሚገኘው፣ ክላሚዲያ ለሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታም ተጨማሪ መድኃኒት ይሰጣል።

ጨብጥ በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ አይተላለፍም። ጣና ውስጥ በመዋኘትም አይያዝም፤ ከሐይቁ የሚያሰጋው ቢልሃርዝያ ነው፤ እሱም ቆዳ በስቶ የሚገባ ትል ነው። ሌላም የተሳሳተ ወሬ አለ፦ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ያመክናል የሚል፤ ክትባቱ ሴት ልጅን አያመክንም። ሀገራችን በ2011 ዓ.ም. መስጠት ስትጀምር ይህ ወሬ እንደ ተነሣ አስታውሳለሁ፤ እባካችሁ ልጆቻችሁን አስከትቡ።

«ቁስሉ ደርቋል፣ ድኛለሁ» የሚለውም አደገኛ ነው። የቂጥኝ ቁስል አያምም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በፔኒሲሊን ይድናል።

መግል ወይም ቁስል ያየ ሰው መድኃኒት ቤት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ባልና ሚስት ሁለቱም በአንድ ቀን ይታከሙ፤ ከዚያ በኋላ 7 ቀን ከግንኙነት ይቆጠቡ። ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት የምትሉ ካላችሁ ይዛችኋት ኑ፤ ክፍሉን ዘግተን አብረን እንነግራታለን።