«ከባዱ መግባቱ ነው» አትበሏቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ያው ወሬ ይደገማል፤ ዘንድሮ ግን መታገስ አቃተኝ።

«ቅርብ ግቢ (ዩኒቨርሲቲ) የደረሰው ዕድለ ቢስ ነው።» አይደለም። የደብረ ብርሃን ልጅ እዚሁ ተመደብኩ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የትራንስፖርቱ ብር ይተርፍሃል፣ ብርዱንም ለምደኸዋል።

«ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው ቦታ ነው።» ከተማችን በፋብሪካ ተሞልታ ማሽን የሚጠግን እጅ እየተፈለገ ይህን ማለት ልጅን መበደል ነው።

«የግል ኮሌጅ ዲግሪ በብር ይገዛል።» ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። የመንግሥትም የግልም ተማሪ በዲግሪ ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ይልቅ ከመክፈላችሁ በፊት የመረጣችሁት ትምህርት በዚያው ቅርንጫፍ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። አዲስ አበባ ያለው ተፈቅዶለታል ማለት እዚህ ያለውም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን «ከባዱ መግባቱ ነው፤ ከገባህ በኋላ ዘና በል» የሚሉት ነገር ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ካለው ወንፊት ያለፈ ልጅ ቤት በግ ቢታረድ አይገርምም። ግን ዲፓርትመንት፣ ማለትም የሚማረው የትምህርት ዘርፍ፣ የሚደርሰው በዋናነት በፍሬሽማን (በአንደኛ ዓመት) ውጤት ነው፤ ስለዚህ ልጁ «አርፋለሁ» ያለበት ዓመት ዕጣው የሚወጣበት ዓመት ነው።

ከመንዝ ገጠር የመጣች ተማሪ ነበረችኝ፣ ቀለሜ የምትባል ዓይነት፣ ከክፍል አንደኛነቷን ለማንም ያላስነካች። ሩቅ ግቢ ደረሳት። የመጀመሪያውን ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ወደቀች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ሰው አታውቅም፣ ለቤተሰቦቿ ስትደውል ደግሞ «ደኅና ነኝ» ብቻ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ደረሳትና እያለቀሰች ደወለችልኝ። «መምህሩን ቢሮው ሄደሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት። አንድም ቀን አልሄደችም። መጠየቅ ደደብ የሚያስብል መስሏት ነበር! እኛ ነን እንደዚያ ያሳደግናት፤ ጎበዝ ማለት የማይጠይቅ ነው ብለን።

በሁለተኛው ሴሚስተር መጠየቅ ጀመረች፣ ከዶርሟ ልጆች ጋር ማጥናት ጀመረች፣ ሲኒየሮች የቆዩ ፈተናዎችን ሰጧት። ተነሳች። የፈለገችው ዲፓርትመንት ግን አመለጣት።

ስለዚህ ፍሬሾች፣ በመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር አድርጉ፦ አንድ ሲኒየር ተወዳጁ፣ አንድ መምህር ቢሮ ግቡ፣ ሲከፋችሁ ለቤት እውነቱን ተናገሩ። ወላጆችም ስትደውሉ ስለ ውጤት ብቻ አትጠይቁ።

የዚያች ተማሪዬ ታናሽ ወንድም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። እናትየው ጋቢውን እያጣጠፉ «ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቀው?» አሉኝ። «ከማን ጋር ነው የምትበላው ይበሉት» አልኳቸው። «ብቻዬን ካለዎት ለእኔ ይደውሉልኝ።»